አንደኛ የሰጠኋት አንባቢ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ መቅደስ ወረቀቶቿን ታቅፋ መጣች። መምህርነት እየተማረች ነው። «እማማ አስካለ፣ እርስዎ የድሮ አስተማሪ ነዎት፤ እስቲ ይህን የቤት ሥራዬን ይስሙልኝ» ብላ አጠገቤ ተቀመጠችና ታነብልኝ ጀመር። ንባብ የቋንቋ መምህር ሥራ ብቻ አይደለም ይላል ጽሑፉ። የሂሳቡም፣ የሳይንሱም፣ የጂኦግራፊውም መምህር ተማሪው ያነበበው እንዲገባው የማድረግ ግዴታ አለበት ይላል። አዳራሽ ሰብስበው፣ ምሳ አብልተው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያስተማሯቸው አዲስ አሠራር ነው አለችኝ። ቀጥላም፣ «በእናንተ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነገር ነበር እንዴ?» ስትለኝ ደሜ ፈላ። «ነበር። ሰሚ ነው ያልነበረው» አልኳት። ልጅቷ ያስቀየመችኝ መስሏት ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። እሷ ምን አጠፋች? እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ንዴቱ ከደረቴ አልወርድ ብሎኛል። አዲስ ይሉታል። አሰላ ላይ አንድ ሰው ይህንኑ ሲያስተምር የሳቁበት፣ ያሸማቀቁት እኔ ባለሁበት ነው። ከሚስቁትም አንዷ ነበርኩ።

አሰላ የተወለድኩበት ከተማ ነው። አያቴ ከሸዋ ከመጡት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ አባቴ ደግሞ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተላላኪ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ለመምህርነት ሥልጠና ገባሁና፣ በዓመቱ መጨረሻ ለአንድ ዓመት የማስተማር ልምምድ ወደዚያው ወደ አገሬ መለሱኝ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ጃንሆይ ገና ጠንካራ ነበሩ፤ ከናዝሬት አሰላ በጭነት መኪና ጋቢና መሳፈር አንድ ብር ከሃምሳ ነበር፤ ከላይ በጭነቱ ላይ ለሚቀመጥ ደግሞ ሰባ አምስት ሳንቲም። ልክ መኪናው ከሚቆምበት ፊት ለፊት ጎሚስታው ነበረ፤ ጎማውን ሲነፋም፣ ሲለጥፍም የሚያፏጨው አንድ ዜማ ብቻ ነው፤ ከጣሊያን አለቃው የተማረው ይመስለኛል። ከሱ ቀጥሎ የየመኑ አረብ ሱቅ፣ ከዚያ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን የዘረጋው ልብስ ሰፊ። ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአምስት ሳንቲም፤ በአሥር ሳንቲም አራት እንቁላል። ለልምምዱ ብዬ ልብስ ሰፊው ዘንድ ያሰፋሁትን ሰማያዊ ጉርድ እስካሁን አልረሳውም፤ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ዝቅ ይላል፣ በላዩ ነጭ ሹራብ አደርግበታለሁ። ጠዋት ጠዋት የጭላሎ ጉም እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ ይወርድና ልጆቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ እኔም ሰማያዊ ጉርዴን እያስተካከልኩ በራፉ ላይ እቆማለሁ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ራሴን የማየው እኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከተማው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ልምምዱን የማደርገው በሁለት መልክ ነው። የአምስተኛ ክፍልን ጂኦግራፊና አማርኛ እኔ አስተምራለሁ፤ ሂሳብ ደግሞ ከኋላ ተቀምጬ የአቶ ለማን አስተማማር አይቼ እመዘግባለሁ። አቶ ለማ የጢቾ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ ቡናማ ኮት ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። ልጆቹ የንባብ ሂሳብ ሲሰጣቸው ሁለት ቁጥር ፈልገው ያገኙና፣ «ይደመራል ወይስ ይቀነሳል?» ብለው ይጮኻሉ። ሌላው መምህር ሁሉ «ይቀነሳል» ብሎ ይመልስና ትምህርቱ ይቀጥላል። አቶ ለማ ግን ጠመኔውን ያስቀምጡና፣ «ቁጥሩን ተዉት። ማን ምን አደረገ? በፈለጋችሁት አፍ ንገሩኝ» ይላሉ። ከዚያ እየዞሩ «ማል ጄዳ?» ይላሉ፤ ምን ይላል ማለት ነው። ልጆቹ በኦሮምኛ ይከራከራሉ፤ አንዱ ገበሬው በጎቹን ሸጠ ይላል፣ ሌላው የለም ገዛ ይላል። አንድ ያልገባቸውን ቃል ሰሌዳው ላይ ለብቻው ይጽፉታል፤ ማን ያውቀዋል፣ የት ሰማችሁት፣ በናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ ይላሉ። ከዚያ ወደ አማርኛው ይመለሳሉ፤ መጨረሻ ላይ ነው ቁጥሩ የሚነካው። በዚያን ጊዜ ኦሮምኛ በትምህርት ቤት ግቢ ክልክል ነበር፤ የሚጠሩትም ዛሬ አፌን ሞልቼ በማልደግመው ስም ነው። እኔ ራሴ በሰፈር ከልጆች ጋር ስጫወት ያደግሁበትን ቋንቋ፣ ሰማያዊውን ጉርድ ከለበስኩ ወዲህ እንደማላውቀው ሆኜ ነበር። በልምምድ ማስታወሻዬ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ አስታውሳለሁ፦ «መምህሩ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በሁለት ጥያቄ ጨረሱ። የቋንቋ ትምህርትና ሂሳብ ቀላቅለዋል።» ዲሬክተሩ ይህን አንብበው ሳቁ፤ ለሌሎቹ መምህራንም ጮክ ብለው አነበቡላቸው። አቶ ለማም እዚያው ነበሩ። እኔም ሳቅሁ።

የኔ ትምህርት ግን ያማረ ነበር። ጂኦግራፊ ማለት ለኔ በጥሩ ድምፅ የተነበበ ገጽ ነው። ማሰልጠኛው ያስተማረኝም ይህንኑ ነው፤ ተማሪው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ መጽሐፉን በግራ እጁ ይዞ፣ የሚጠብቀውን አጥብቆ፣ የሚላላውን አላልቶ ካነበበ አንባቢ ነው። ከክፍሉ ሁሉ የምትበልጠው ዘሀራ ነበረች። ከከተማው ጥግ፣ ገብሱ ከሚጀምርበት ነው የምትመጣው፤ አባቷ ኦቦ ከድር የአንድ ባለርስት ጭሰኛ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ይሆናል። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ስድስት ሴቶች እስላም እሷ ብቻ ነበረች። ጭንቅላቷ ላይ ያሰረችው ሻሽ በየቀኑ የታጠበ ነው። ስታነብ ድምጿ አይንቀጠቀጥም፤ አዋሽ የት ተነሥቶ የት እንደሚጠፋ የሚናገረውን ገጽ ስታነብ ወንዙን የምትመራው ይመስላችኋል። ኢንስፔክተር ከአዲስ አበባ የመጣ ዕለት እሷን አስነሣሁ። አነበበች። ኢንስፔክተሩ አጨበጨበና ጫፉ ላይ ላጲስ ያለበት ቢጫ እርሳስ ሸለማት። እኔንም በዲሬክተሩ ፊት አመሰገነኝ። በዚያ ወሰነ ትምህርት በንባብ አንደኛ ሰጠኋት፤ በገዛ እጄ፣ በቀይ ቀለም።

ከዚያ በኋላ አቶ ለማ መምህራን ክፍል ውስጥ ጠጋ አሉኝና፣ «አስካለ፣ ያነበበችውን ጠየቅሻት?» አሉኝ።

«ጠይቄያታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«አንቀጹን በቃሏ ትወጣዋለች እኮ» አልኳቸው።

«ግራሞፎንም ይወጣዋል» አሉኝና ኮታቸውን አንሥተው ሄዱ። ቀንቶብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሽማግሌ፣ ያውም ማንም የማያጨበጭብለት ሽማግሌ ቀንቶብኝ ነው አልኩ። ዕድሜያቸው ያኔ አርባ አይሞላም ነበር።

የቀረውን የሰማሁት ከራሷ ከዘሀራ አፍ ነው። ባለርስቱ ኦቦ ከድርን አስጠርቶ ወረቀት ያቀርብለታል፤ የውል ወረቀት ነው፣ ጣትህን አሳርፍበት ይለዋል። በዚያ አገር ጭሰኛ ሁሉ ወረቀት ሲመጣለት ይደነግጣል፤ የሚያነብለት ፍለጋ ፍርድ ቤት በር ላይ ወደሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ይሮጣል። ኦቦ ከድር ግን አልሮጠም። «እኔ የምታነብ ልጅ አለችኝ፤ አንደኛ ናት» አለ። ዘሀራ ተጠራች። ሰው ተሰበሰበ፤ ጎረቤት ሁሉ መጣ። እሷም ወረቀቱን በግራ እጇ ይዛ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ እኔ እንዳስተማርኳት አነበበችው። «ተዋዋዩ የያዘውን መሬት የዘንድሮውን አዝመራ እንደሰበሰበ ያለ ሁከት ለባለርስቱ ሊያስረክብ ፈቅዶ ተስማምቷል።» አንድ ፊደል አልሳተችም። ሰዉ እጁን በአፉ ጭኖ አደነቀ፤ ባለርስቱም ራሱ «ጎበዝ» አላት። አባቷ በኦሮምኛ «ምን ይላል?» ብሎ ጠየቃት። ዘሀራ መሬትን ታውቃለች፤ አዝመራን ታውቃለች፤ ፈቀደ ማለትን ታውቃለች። «ሊያስረክብ» ማለትን በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም። ያ ሁሉ ሰው ባደነቀው አፏ «አልገባኝም» ማለት ደግሞ ሞት ሆነባት። «መሬቱ ተፈቅዶልሃል ይላል፤ እህሉን ትሰበስባለህ» አለችው። ኦቦ ከድር አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ አተመ። ባለርስቱ ልጅቷ የተናገረችውን ኦሮምኛ አሳምሮ ይሰማ ነበር። ዝም አለ።

ገብሱ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ ሰዎች መጥተው ቤቱን ልቀቁ አሏቸው። ዘሀራ ወረቀቱን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት መጣች፤ የመጣችው ወደኔ ነው፣ ሌላ ወደማንም አይደለም። «እትዬ፣ ምን ብዬ ነው የተሳሳትኩት?» አለችኝ። የፊደል ስሕተት የሠራች መስሏታል። አነበብኩት፤ ገባኝ። አጣጥፌ ልመልስላት ስል አቶ ለማ በአጠገባችን ሲያልፉ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና ቆመው አነበቡ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው አጎንበስ ብለው በገዛ ቋንቋዋ፣ ቃል በቃል፣ ማን ለማን ምን እንደሰጠ ነገሯት። ልጅቷ አላለቀሰችም። «ያነበብኩት ይሄን ነው?» ብቻ አለች።

አቶ ለማ ነገሩን አልተዉትም። ውሉ ሳይገባው የፈረመ ሰው ውል አልተዋዋለም ብለው ኦቦ ከድርን ይዘው ዳኛ ዘንድ ቀረቡ፤ ምስክር እሳቸው፣ ሁለተኛዋ ምስክር እኔ። እኔ እንድል የፈለጉት ቀላል ነገር ነው፤ የሰጠኋት አንደኝነት ለድምጿ ነው እንጂ ለመረዳቷ አይደለም፣ ያነበበችው ይግባት አይግባት ጠይቄያት አላውቅም፣ ይሄን ነው። እላለሁ አልኳቸው። በነጋታው ዲሬክተሩ ቢሮ ጠሩኝ። አልተቆጡም። እንዲያውም ወንበር ሰጡኝ። «ዳኛው የጠየቀሽን ብቻ መልሺ» አሉኝ። «ልጅቷን አንደኛ ያልሻት አንቺ ነሽ። ኢንስፔክተሩም ሪፖርቱን የጻፈው ያንን አይቶ ነው። የልምምድ ውጤትሽን ገና አልላክሁትም፤ ሰኞ ነው የምልከው።» እንዲህ ዓይነት ሰው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቢጮህብኝ እኮ እጮህበት ነበር። ወንበር ሰጥቶ ነው የገዛኝ።

ችሎቱ የነበረበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በዚያ ቀን ዝናብ ነበርና ዳኛው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚናገሩት። ኦቦ ከድር ጋቢውን አደግድጎ ቆሟል፤ ዘሀራ አጠገቡ። ዲሬክተሩ ከኋላ አግዳሚ ላይ ከባለርስቱ ጎን ተቀምጠዋል። አቶ ለማ የሚሉትን አሉ፤ ዳኛው እያዛጉ ሰሟቸው። ከዚያ ወረቀቱን ለዘሀራ ሰጧትና «አንብቢው» አሏት። አነበበች። ዝናቡን አልፎ የሚሰማ፣ ንጹሕ ድምፅ። ከፊታቸው የነበረው ጸሐፊ ሳይቀር ብዕሩን አቁሞ አዳመጣት። ስትጨርስ ዳኛው፣ «ይኸው አነበበች እኮ» አሉ።

«ጌታዬ፣ ትርጉሙን ይጠይቋት» አሉ አቶ ለማ።

«አቶ ለማ፣ ይሄ ፍርድ ቤት ነው፤ ትምህርት ቤት አይደለም» አሉና ወደኔ ዞሩ። «አንደኛ የሰጠሻት መምህርት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ይህች ልጅ ማንበብ ትችላለች ወይስ አትችልም?»

አቶ ለማ ያዩኛል። እኔ ግን ያየሁት ከኋላ ያለውን አግዳሚ ነው። ጥያቄው ራሱ የተንኮል ነበር፤ በትችላለች ወይም በአትችልም ብቻ የሚመለስ ነገር አልነበረም። ይህን የማውቀው ዛሬ ነው? አይደለም። ያኔም አውቄዋለሁ። ሊያስረክብ የሚለውን ቃል ባነበብኩ ጊዜ ወረቀቱን ያጣጠፍኩት ስላወቅሁት ነው።

«ትችላለች» አልኩ።

ነገሩ በዚያው አለቀ። ኦቦ ከድር ምን እንደተባለ ለማወቅ አቶ ለማን «ማል ጄዳ?» ሲላቸው ሰማሁ። አቶ ለማ ነገሩት። ጋቢውን ፈታ፣ መልሶ ለበሰ፣ እጅ ነሥቶ ወጣ። በሳምንቱ ቤቱን ነቅለው ወደ ቆላ ወረዱ። ዘሀራ ትምህርቷ አምስተኛ ክፍል ላይ ቀረ። የልምምድ ውጤቴ ሰኞ ተላከ፤ «እጅግ በጣም ጥሩ» ይላል። ወረቀቱ ዛሬም አለኝ። ልቀደው ብዬ አንሥቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ፤ ማንን ብዬ ነው የምቀደው?

አቶ ለማ ሁለት ሳምንት አላናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሂሳብ ሊጀመር ሲል ጠመኔውን እጄ ላይ አኖሩልኝና፣ «ዛሬ አንቺ ነሽ» ብለው እኔ እቀመጥባት በነበረችው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የዘሀራ ቦታ ክፍት ነበር። ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው «ይደመራል ወይስ ይቀነሳል?» አሉኝ። ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ከዚያ በዚያ በካድሁት፣ በልጅነቴ ኳስ በተጫወትኩበት ቋንቋ ምን ይላል አልኳቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ተያዩ፤ ደግሞም ሳቁ፤ አነጋገሬ የሰፈር ነበር። ቀጥለው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገሩ ጀመር። ሠላሳ አምስት ደቂቃ አንዲት ጥያቄ ይዘን ቆየን፤ ያልገባቸው ቃል ሰባት ነበር፤ ሰባቱንም እኔ ያውቋቸዋል ብዬ ስንት ጊዜ ያለፍኳቸው ቃላት ናቸው። ከክፍል ስንወጣ አቶ ለማ፣ «አራተኛዋን ቃል ቸኮልሽባት» ብቻ አሉኝ። እንዲህ እንዲህ እያሉ የቀረውን ጊዜ አስተማሩኝ። በጂኦግራፊ ካርታን እንዴት እንደሚያናግሩት፣ በጤና ትምህርት የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለችውን ጽሑፍ እንዴት ቃል በቃል እንደሚፈቱ፤ በግብርና ትምህርት ደግሞ የእውነተኛ ውል ግልባጭ አምጥተው ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ሰጡ። ይቺ የመጨረሻዋ ናት የጨረሰቻቸው። ባለርስቶች ሰሙ። በሚቀጥለው ዓመት «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸውና መኪና ወደማይገባበት ሥፍራ ተዛወሩ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ያለ አንድ ጭብጨባ ነው የሄዱት። ዛሬ የሳቸውን ሥራ በወፍራም ወረቀት አትመው አዲስ ነው ሲሉኝ ደሜ ባይፈላ ነበር የሚገርመኝ።

እኔ በቆጂ ተመደብኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ልጆቹ እየሮጡ ነው የሚመጡት፣ እየሮጡ ነው የሚሄዱት። ጂኦግራፊም ያዝኩ ሳይንስ፣ ማንም ልጅ ጮኾ ስላነበበ አላጨበጨብኩለትም። ለዚህ ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎብኛል፤ ከሥርዓተ ትምህርቱ ወደኋላ ትቀራለች፣ በተከለከለ ቋንቋ ታስተምራለች ተብሎ። ለሦስቱም አልመለስኩም።

በቆጂ ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ለደመወዝ ጉዳይ ወደ ናዝሬት ስሄድ አውቶቡሱ ኢተያ ላይ ጎማው ተነፈሰ። የገበያ ቀን ነበር። እግሬን ላፍታታ ብዬ በስንዴው ተራ ሳልፍ ከጆንያዎች ኋላ የተቀመጠች፣ ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ሻሿ የታጠበ ነው። ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«እትዬ አስካለ።»

«ዘሀራ» አልኩ። አባቷን ጠየቅኋት። ቆላው አልተስማማውም፣ በወባ ሞተ አለችኝ። ባሏ እህል ነጋዴ ነው፤ እሷም ትሸጣለች፤ ደኅና ናት። ምንም ነገር ሳልቀባባ በኦሮምኛ ይቅር በይኝ አልኳት። እሷ በአማርኛ መለሰችልኝ፤ ያ ንጹሕ ድምጿ አልተለወጠም።

«መሬቱን የወሰዱት እርስዎ አይደሉም። ውሉንም አልጻፉትም። ለአባቴም የተሳሳተውን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ልጅ ነበርኩ፣ ራሴን ይቅር ብያለሁ» አለችኝ። ያዘለችውን ልጅ አስተካከለች። «ግን ዳኛው ሲጠይቅዎት ‹ትችላለች› ሲሉ እኔ ደስ አለኝ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አስተማሪዬ ስላመሰገነችኝ ደስ አለኝ። ቤት እስክንደርስ ደስ እንዳለኝ ነበርኩ። እሱን ይቅር አልልዎትም።»

የአውቶቡሱ ሹፌር ጡሩምባውን ነፋ። አንድ ገዢ ስንዴውን በመዳፉ ዘግኖ እያየ ዋጋ ሲጠይቃት፣ ዘሀራ ወደሱ ዞረች።